ቋሚ አበቦችን ከቦታ ወደ ቦታ ነቅሎ ለመትከል የሚረዳ መመሪያ

«አበባዬን ከግቢው ጥግ ነቅዬ ወደ በረንዳው ፊት ተከልኩት፤ ውሃም አልከለከልኩትም፤ በሳምንቱ ግን ጠወለገ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ጥያቄ በተለይ ክረምት ሲወጣና ሰው ቤት በሚቀይርበት ሰሞን በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በየተራ ከመመለስ አሠራሩን ከነምክንያቱ በአንድ ቦታ ማስፈር የተሻለ ስለሆነ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። የተጻፈው የአዲስ አበባንና የመሰሎቿን የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች አየርና አፈር ታሳቢ በማድረግ ነው።

ቋሚ አበባ የምለው አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ከዓመት ዓመት እየቆየ የሚያብበውን ነው፤ አጋፓንተስ፣ ካላ፣ ካና፣ አይሪስ፣ ዴይሊሊ፣ ክላይቪያና ጽጌረዳ የዚህ ወገን ናቸው። እንደ አደይ አበባ በአንድ ወቅት በቅለው፣ አብበውና ዘራቸውን ጥለው የሚደርቁትን ነቅሎ መትከል ትርፉ ድካም ስለሆነ እነርሱን በዘር ያብዙ።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ተክል ሲነቀል ከሥሩ ከፊሉ ተቆርጦ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ የሚቀረውም በአብዛኛው ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ፀጉር የመሰለው ቀጭን ሥር ነው። ዋናውን ውሃ የሚስበው ደግሞ ይኸው ቀጭኑ ሥር ሲሆን፣ ቅጠሉ በበኩሉ እንደ ቀድሞው ውሃ ማትነኑን ይቀጥላል። ስለዚህ አዲስ ሥር እስኪያበቅል ድረስ ተክሉ ገቢው ተቀንሶበት ወጪው እንዳለ የቀረ ቤተሰብ ሆኖ ይሰነብታል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ተግባራት በሙሉ ወይ ገቢውን ለመጠበቅ ወይ ወጪውን ለመቀነስ የሚደረጉ ናቸው፤ ይህን ከያዙ በመመሪያው ያልተጠቀሰ ሁኔታ ቢያጋጥምዎም እንኳ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ራስዎ ይደርሱበታል።

መቼ ይነቀላል?

አፈርዎ ቀይና ውሃ የሚያሰርግ ከሆነ ምርጡ ጊዜ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለው ነው። በዚህ ወቅት ሰማዩ ደመናማ በመሆኑ ቅጠሉ ብዙ ውሃ አያተንም፣ መሬቱ እስከ ታች ርሷል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝናቡ እስኪያቆም ድረስ ተክሉ ሥር የሚያበቅልበት በቂ ጊዜ አለው። የበልግ ዝናብ በደንብ በሚጥልበት ዓመት መጋቢትና ሚያዝያም ይሆናሉ፤ ነገር ግን በልግ ስለማይታመን ውሃ ማጠጣት የማይችል ሰው ባይሞክረው ይመረጣል።

አፈርዎ ዋልካ ከሆነ፣ ማለትም በበጋ የሚሰነጣጠቅና በክረምት ጫማ ላይ እየተለጠፈ የሚያስቸግር ጥቁር አፈር ከሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ አይንቀሉ። ዋልካ ውሃ ስለሚቋጥር በውስጡ አየር አይኖርም፤ በቅርቡ የተቆረጠ ሥር አየር ካጣ ደግሞ አዲስ ሥር በማብቀል ፈንታ ይበሰብሳል። በዋልካ ላይ ወይ ሰኔ እንደገባ፣ መሬቱ ለስልሶ ገና ሳይጨቀይ፣ ወይም ዝናቡ እያባራ በሚሄድበት በመስከረም ይትከሉ። ገበሬው ሽምብራውን በዋልካ መሬት ላይ በክረምቱ መውጫ የሚዘራው በዚሁ ምክንያት ነው። በመስከረም የተከለ ሰው ግን እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ውሃ የማጠጣት ግዴታ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ የግድ ካልሆነ በስተቀር ይተዉት። ቀኑ ፀሐያማና ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ሲል ይቀዘቅዛል፣ በወንዝ ዳርና በረባዳ ቦታም ውርጭ ይጥላል። አዲስ የተተከለ ተክል አንዱን ችግር ቢችል ሁለቱን በአንድ ላይ አይችልም።

ከወቅቱ ሌላ የተክሉም ሁኔታ ይታያል። በማበብ ላይ ያለን ተክል አይንቀሉ፤ አበባው ረግፎ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ያለው ጊዜ ይመረጣል። አበባና ዘር ብዙ ጉልበት ስለሚፈጁ ለሥር የሚተርፍ አይኖርም። የቀኑ ሰዓትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ደመናማ ቀን ካልሆነ በቀር ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መትከል ለተክሉ አንድ ሙሉ ሌሊት የማገገሚያ ጊዜ ይሰጠዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠርዙ የተሳለ አካፋ። ዱልዱም አካፋ ሥርን ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም፤ የተጨፈለቀ ሥር ደግሞ ለመበስበስ ቅርብ ነው።
- ዶማ፣ አዲሱን ቦታ ለመቆፈር ብቻ። ተክሉን ለማውጣት አይጠቀሙበት።
- የመግረዣ መቀስና ጠንካራ ቢላዋ።
- ስለቱን ለማጽዳት 70 በመቶ አልኮል፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ።
- ጆንያ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት፣ ተክሉን ከነአፈሩ ለመሸከምና ለመሸፈን።
- በደንብ የተብላላ ብስባሽ ወይም ያረጀ ፍግ፣ ለአንድ መካከለኛ ተክል ግማሽ ባልዲ ያህል።
- ለጉዝጓዝ የሚሆን ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይሁን፤ የሌሎች ተክሎችን ዕድገት የሚገታ ንጥረ ነገር አለበት።
- ለአንድ ተክል ቢያንስ 10 ሊትር ውሃ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ጀሪካኑን ሞልተው ሳያስቀምጡ አይንቀሉ።
- ጓንት።
- አራት እንጨትና አንድ ጆንያ፣ ለጥላ።
- ግቢዎ ፍልፈል የሚያጠቃው ከሆነ ጉድጓዱን ከታችና ከጎን የሚያለብስ የሽቦ ወንፊት።

አሠራሩ

1. አዲሱን ቦታ ይምረጡና ይፈትሹ። ጽጌረዳ፣ አይሪስ፣ ካናና ዴይሊሊ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ አጋፓንተስም ፀሐይ ባገኘ ቁጥር አበባው ይበዛል። ክላይቪያ ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚያቃጥለው ጥላ ሥር ይሁን፤ ካላ ደግሞ እርጥበት የማይለየው ቦታ ይስማማዋል። ቦታው ውሃ ማሰረጉን ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፤ ሲደርቅ በድጋሚ ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በአራት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ቦታው ደህና ነው። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው አሁንም ከተኛ ከካላ በስተቀር ምንም አይትከሉበት፤ የግድ ከሆነ ግን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ሠርተው በመደቡ ላይ ይትከሉ።

2. ተክሉን ከመንቀልዎ በፊት ጉድጓዱን ያዘጋጁ። ቅደም ተከተሉን ማዛባት የብዙዎች ችግር ነው፤ ተክሉን አውጥተው ፀሐይ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ጉድጓድ መቆፈር ሲጀምሩ ቀጫጭኑ ሥር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ጉድጓዱ ከነአፈሩ ከሚወጣው የሥር ጓል እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከጓሉ ቁመት አይብለጥ። ስፋቱ አዲሱ ሥር በለሰለሰ አፈር ውስጥ ወደ ጎን እንዲሄድ ነው። ጥልቀቱ የተገደበው ደግሞ ከሥር የሚደለደለው ልል አፈር ዝናብ ሲመታው ቁጭ ስለሚልና ተክሉ አብሮት ስለሚሰምጥ ነው። በሸክላማ አፈር ላይ አካፋው የጉድጓዱን ግድግዳ ልክ እንደተለሰነ አድርጎ ስለሚያለሰልሰው ሥሩ ሊበሳው አይችልም፤ ስለዚህ ግድግዳውን በዶማው ጫፍ ጫር ጫር ያድርጉት። የወጣውን አፈር ሦስት እጅ፣ ብስባሹን አንድ እጅ አድርገው ይቀላቅሉ።

3. በዋዜማው ተክሉን ባለበት ያጠጡት። ቅጠሉና ግንዱ ውሃ ይዞ ሲነቀል ድንጋጤውን ይችላል፤ አፈሩም ርሶ ሲያዝ ሥሩን እንደያዘ ይወጣል። ደረቅ አፈር ሲቆፈር ይፈረካከሳል፣ ሥሩንም ይዞ ይበጣጠሳል። በዚያው ዕለት ያጠጡ እንደሆነ ግን አፈሩ ጭቃ ስለሚሆን ክብደቱ ራሱ ጓሉን ይሰብረዋል።

4. ቅጠሉን ይቀንሱ። አበባና እምቡጥ ካለ ሳያዝኑ ይቁረጡት፤ ከዚያም ከቅጠሉ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያስወግዱ። እንደ አጋፓንተስና ዴይሊሊ ቅጠላቸው ረጃጅም የሆኑትን በግማሽ ቢያሳጥሯቸው ምንም አይሆኑም፤ የክላይቪያን ቅጠል ግን መሐሉ ላይ አይቁረጡ፣ ከውጭ በኩል ያሉትን ያረጁ ቅጠሎች ከሥራቸው ያንሱ። የአይሪስ ቅጠል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ እንደ ማራገቢያ ተደርጎ ይቆረጣል። ለጽጌረዳ ጠንካሮቹን ሦስት ወይም አራት ግንዶች ብቻ አስቀርተው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያሳጥሯቸው፤ ቁርጡ ወደ ውጭ ከሚያይ የቅጠል እምቡጥ ትንሽ ከፍ ብሎ አግድም ሳይሆን ዘንበል ብሎ ይሁን፤ ውሃ እንዳያቁር ነው። በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው እጁ ይሳሳል፤ ነገር ግን የተረፈው ቅጠል በሙሉ ውሃ የሚጠይቅ አፍ መሆኑን አይርሱ።

5. ዙሪያውን ይቁረጡ። ቅጠላቸው ከመሬት ለሚነሣ ተክሎች ከቅጠሉ መነሻ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለጽጌረዳ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀው በዙሪያው ክብ ያስምሩ። አካፋውን በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ጀርባው ወደ ተክሉ ይዙር፤ በእግርዎ ረግጠው ሙሉ በሙሉ ያስገቡትና ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርገው ያውጡት። ከዚያ አንድ የአካፋ ስፋት ወደ ጎን ይሂዱና ይድገሙ። በመጀመሪያው ዙር ምንም ነገር ለማንሳት አይሞክሩ፤ ዓላማው ሥሩን በንጽሕና መቁረጥ ብቻ ነው። ክቡ ሲዘጋ አካፋው ሲገባ የሚሰማው የሥር መቆረጥ ድምፅ መቅረቱን ያስተውሉ፤ አሁንም «ቀጭ» የሚል ካለ ያልተቆረጠ ሥር አለና ያን ቦታ ይድገሙት።

6. ከሥር ገብተው ያንሱት። በክቡ ውጭ በአንድ በኩል ትንሽ ቦይ ቆፍረው አካፋውን ዘንበል በማድረግ ከጓሉ በታች ያስገቡት፤ ከሌላውም ወገን እንዲሁ። ጓሉ ሲናጋ ጆንያውን ከአንዱ ጎን ከሥሩ ያንሸራቱ፣ ተክሉን ወደ ጆንያው ያጋድሙ፣ ከዚያም ሁለት ሰው ሆነው የጆንያውን ጫፍ ይዘው ያውጡት። ግንዱን ወይም ቅጠሉን ይዘው በፍጹም አይጎትቱ፤ የጓሉ ክብደት በሙሉ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ እዚያው ላይ ይላቀቃል፣ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። ወዲያው የማይተክሉት ከሆነ ጓሉን በጆንያው ጠቅልለው፣ ጆንያውን አርሰው፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት።

7. መክፈል ካስፈለገ ይክፈሉ። አጋፓንተስ፣ ዴይሊሊ፣ ካናና አይሪስ በአንድ ቦታ ከአራት አምስት ዓመት በላይ ሲቆዩ ይጨናነቃሉ፤ መሐላቸው ይራቆታል፣ አበባቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ ከተነቀሉ አይቀር መክፈሉ ያዋጣል። ከጓሉ ላይ አፈሩን አራግፈው ተፈጥሯዊ መለያያውን ይፈልጉ፤ በእጅ የሚለያየውን በእጅ፣ የማይለያየውን በጸዳ ቢላዋ ይለዩ። እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጤነኛ ቀንበጥና የራሱ ሥር ይኑረው። ትንንሽ አድርጎ ብዙ ለማግኘት መጓጓት ብዙ ዓመት ያለ አበባ ያስጠብቃል። የለሰለሰ፣ የጠቆረ ወይም የሚሸት ሥር ካዩ ጤነኛው ነጭ ክፍል እስኪታይ ድረስ ቆርጠው ይጣሉ፤ ቢላዋውንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱ ያጽዱት፣ በሽታ በስለት ይተላለፋልና።

8. በትክክለኛው ጥልቀት ይትከሉ። ተክሉ የሞተባቸውን ሰዎች ስጠይቅ ደጋግሞ የማገኘው ስሕተት ይህ ነው። ሥሩ አልቆ ቅጠሉ ወይም ግንዱ የሚጀምርበትን ቦታ የተክሉ አንገት ብንለው፣ አንገቱ በድሮው ቦታ በነበረበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት። በድሮው ቦታ አፈሩ የት ድረስ ይደርስ እንደነበረ የግንዱ ወይም የቅጠሉ ቀለም ያሳይዎታል፤ ከአፈር በታች የነበረው ነጣ ያለ ነው። በክረምት የሚተክሉ ከሆነ እንዲያውም ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ አፈሩ ቁጭ ማለቱ አይቀርምና። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድመው አንገቱን ከእንጨቱ ጋር ቢያስተያዩ ግምት አያስፈልግዎትም። አፈሩን በየጥቂቱ እየመለሱ በእጅዎ ጫን ጫን ያድርጉት፤ በጫማ አይርገጡት። የተረገጠ ሸክላማ አፈር አየሩ ይወጣና እንደ ጡብ ይደርቃል።

9. ዝናብ እየጣለ እንኳ ቢሆን ወዲያው ያጠጡ። የዚህ ውሃ ተግባር ጥም ማርካት ብቻ አይደለም፤ አፈሩን ወደ ሥሩ አስጠግቶ በመሐል የቀሩትን የአየር ክፍተቶች መዝጋት ነው፤ ዝናቡ ይህን በአንድ ጊዜ አያደርገውም። በተክሉ ዙሪያ አነስተኛ የአፈር ክትር ሠርተው ከ5 እስከ 10 ሊትር ቀስ እያሉ ያፍስሱ። አፈሩ ከጎደለ ይሙሉ። ሲጨርሱ በዋልካ ላይ የተከሉ ሰዎች ክትሩን ያፍርሱት፤ በበጋ የሚጠቅመው ክትር በሐምሌ ኩሬ ይሆናል።

10. ይጎዝጉዙና ያጥልሉ። ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ እርጥበት ይይዛል፣ የዝናብ ጠብታ አፈሩን አፈናጥሮ አንገቱን እንዳይቀብረውም ይከላከላል። ከግንዱ ግን አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ የተጠጋ እርጥብ ጭድ አንገቱን ያበሰብሳል፣ ለቀንድ አውጣም መደበቂያ ይሆናል። ፀሐይ ከወጣ ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን በአራት እንጨት ላይ ጆንያ ዘርግተው ያጥልሉት፤ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። ላስቲክ አይጠቀሙ፤ ከሥሩ ያለውን አየር ያግላል። ጆንያው በክረምት በረዶ ሲጥልም ቅጠሉን ከመበሳሳት ያድነዋል።

በሚቀጥሉት ሳምንታት

ዝናብ ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ ለአንድ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ ያጠጡ። ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ከመርጨት ዘግየት ብሎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበልጣል፤ ሥር ውሃው ባለበት ስለሚሄድ ላይ ላዩን የሚጠጣ ተክል ሥሩን ላይ ላዩን ይዘረጋል፣ በበጋም ፀሐዩ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው። ቤት የማይውል ሰው ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቶ፣ ቂጡን ቆርጦ፣ በአፉ ደፍቶ ከሥሩ አጠገብ ቢተክለው ውሃው በዝግታ ይንጠባጠብለታል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል፤ በረኪና ወይም ብዙ ሳሙና ያለበት የልብስ ውሃ ግን አይሆንም።

ቅጠሉ ቢጠወልግ ወዲያው ውሃ ይዘው አይሩጡ። በቀትር ጠውልጎ ሲመሽ የሚቀና ተክል በተፈጥሯዊ ሁኔታ ላይ ነው፤ የተረፈው ሥር ለቀትሩ ፍላጎት አልበቃም ማለት ብቻ ነውና ጥላውን ያጠንክሩለት። ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ ጠውልጎ የሚያገኙት ከሆነ ግን ችግር አለ። ያኔ ጣትዎን ከአንገቱ ትንሽ ራቅ አድርገው እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ጣትዎ ደርቆ አፈር ሳይዝ ከወጣ ተክሉ ተጠምቷል። ጭቃ ይዞ ከወጣ፣ በተለይም ጎምዘዝ ያለ ሽታ ካለው፣ ሥሩ በመበስበስ ላይ ስለሆነ ውሃው ይቁም፣ ጉዝጓዙ ይነሣ፣ በዙሪያው የማፋሰሻ ቦይ ይቆፈር። የሁለቱም ምልክት በቅጠል ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ በሰበሰ ሥር ላይ ውሃ የሚጨምሩ ሰዎች ተክሉን በደግነት ይገድሉታል።

እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ዩሪያም ሆነ ሌላ የፋብሪካ ማዳበሪያ አይስጡ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን ነው፤ ናይትሮጂን ቅጠል ያስወጣል፣ የሚፈለገው ደግሞ ሥር ነው። ከዚህም በላይ የማዳበሪያው ጨው በቅርብ የተቆረጠውን ሥር ያቃጥላል። አዲስ ቅጠል ከመሐል መውጣት ሲጀምር ሥሩ እንደያዘ ይረዱ፤ ከዚያ በኋላ ብስባሽ በዙሪያው ማልበስ ይበቃል።

እንደየአበባው የሚለይ አያያዝ

ዴይሊሊና ካና ለጀማሪ የሚመከሩ ናቸው፤ ስሕተት ይችላሉ። የካና ወፍራም የምድር ውስጥ ግንድ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይተከላል። የአይሪስ ግን በተቃራኒው ጀርባው ፀሐይ እንዲያይ ከአፈር በላይ ብቅ ማለት አለበት፤ ከቀበሩት ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም፣ በክረምትም ይበሰብሳል።

አጋፓንተስ በተከፈለ በሚቀጥለው ዓመት ላያብብ ይችላል፤ ይህ ሕመም ስላልሆነ አይንቀሉት። ሥሩ ትንሽ ሲጣበብ ነው በደንብ የሚያብበው። የገነት ወፍ የሚባለው አበባ ከዚህም የባሰ ነው፤ ሥሩ ወፍራምና ተሰባሪ ስለሆነ ከተነቀለ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሊያኮርፍ ይችላል፣ ትልቁን ከመንቀል በጎኑ የበቀለውን መለየት ይሻላል።

ጽጌረዳን ሌላ ጽጌረዳ ለዓመታት በኖረበት ጉድጓድ ውስጥ አይትከሉ፤ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ችግር አዲሱን ያቀጭጨዋል። ሌላ ቦታ ከሌለዎት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ጠልቀው፣ ስፋቱንም እንዲሁ፣ አፈሩን ከሌላ የግቢው ክፍል ባመጡት ይለውጡ። የተዳቀለ ጽጌረዳ፣ ማለትም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደገ፣ ከሆነ ድቅሉ ያለበት እብጠት ከአፈር በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ ከላይ የተጣበቀው ጽጌረዳ የራሱን ሥር ያወጣል፣ ከእብጠቱ በታች የሚበቅለው ቅርንጫፍም ያልፈለጉት ይሆናል።

ጄራኒየምን፣ ካርኔሽንንና ያረጀ ላቬንደርን ለመንቀል አይድከሙ። ከጫፋቸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል አንሥተው፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ቢተክሏቸው በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣሉ። የጄራኒየም ቁራጭ ከመተከሉ በፊት ለአንድ ሌሊት ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ቁርጡ ይድረቅ፤ እርጥቡን የተተከለ ይበሰብሳል። ቡገንቪልም ሥሩ ተሰባሪ ስለሆነ ትልቅ ከሆነ በኋላ ቢነቀል የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ካላና አጋፓንተስ ሲቆረጡ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። በካላ ውስጥ ያሉት መርፌ መሰል ቅንጣቶች ሲታኘኩ አፍና ጉሮሮን ስለሚያሳብጡ ሕፃናትና የቤት እንስሳት በሚደርሱበት ቦታ ቁርጥራጩን አይተዉ። ጓንት ሳያደርጉ አይከፋፍሉ።

በረኪናና አልኮልን አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ነገር ይፈጥራሉ። አንዱን ብቻ ይምረጡ፣ በበረኪና ያጸዱትን ስለት ደግሞ እንዳይዝግ በውሃ አለቅልቀው ያድርቁት።

ከመቆፈርዎ በፊት የውሃና የመብራት መስመር በግቢው የት እንደሚያልፍ ይጠይቁ፤ በተለይ ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚሄደው ገመድ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ትኩስ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር፤ ሲብላላ ይሞቃል፣ አሞኒያውም ሥሩን ያቃጥላል። ፍጉ ሲሸት ወይም ሲይዙት ሲሞቅ ገና ነው።

ሥሩን በውሃ አጥቦ መትከል፤ የበሰበሰ ሥር ለመፈለግ ካልሆነ አያስፈልግም፣ ከአፈሩ ጋር ቀጫጭኑ ሥር ይታጠባል።

የፍልፈልን ነገር መዘንጋት። ከክረምት በኋላ በግቢዎ የአፈር ክምር ብቅ ብቅ የሚል ከሆነ አዲስ የለሰለሰው ጉድጓድ ለእርሱ የተከፈተ በር ነው፤ ሥሩን ከታች በልቶ ሲጨርስ ተክሉ ቆሞ ይደርቃል፣ ሲይዙትም በእጅዎ ብድግ ይላል። ወንፊቱን የሚያለብሱት ከመትከልዎ በፊት ነው፤ በኋላ አይቻልም።

ቤት ለቀው ሲሄዱ አበባውን በመጨረሻው ቀን መንቀል። ዕቃ በሚጫንበት ዕለት ማንም ሥር በጥንቃቄ አይቆርጥም። ከሁለት ሳምንት በፊት ነቅለው፣ ቂጡ በተበሳ ባልዲ ወይም ጣሳ ውስጥ ከነአፈሩ ተክለው፣ ጥላ ውስጥ አገግሞ እንዲጠብቅ ያድርጉ። በመኪና ሲጫን ቅጠሉን ሰብስበው በጨርቅ ልል አድርገው ይሰሩት፤ በክፍት መኪና ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከፀሐይ ባልተናነሰ ቅጠሉን ስለሚያደርቀው ከላይ እርጥብ ጆንያ ያልብሱት። አዲሱ ቤት እንደደረሱ የመትከያ ወቅቱ ካልሆነ ሰኔ እስኪገባ ድረስ በዚያው በባልዲው ውስጥ ቢቆይ ይሻላል፤ ውሃው ብቻ አይቋረጥበት።